በሩቅ ላለ ባልደረባ ስለ መደወልና ስለ መጻፍ

ልጆች ሆይ፥ ወደ ጎረቤት ስትሄዱ በደጅ ቆማችሁ «ቤቶች!» ብላችሁ ትጣራላችሁ፤ «ግቡ» ሳትባሉም አትገቡም። በቤቱ እንግዳ ወይም ሕመምተኛ እንዳለ በዓይናችሁ ታያላችሁ። በስልክ የሚጣራ ሰው ግን ይህን አያይም።

ዛሬ በሐይቅ ከተማ ያለ ጸሐፊ በዋሽንግተን ካለ የአገሩ ልጅ ጋር አንድ ሥራ ሊሠራ ይችላል። የዋሽንግተን ሰዓት እንደ ወራቱ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ይዘገያል። የዋሽንግተኑ ሰው ከሥራ ሊወጣ ሲል «አንድ ነገር ልጠይቅ» ብሎ ቢደውል፥ የሐይቁ ቤተ ሰብ በእኩለ ሌሊት ደንግጦ ይነሣል፤ በአገራችን በሌሊት የሚጮህ ስልክ የሞት ወሬ ይመስላልና። እናቲቱ መልሱን እስክትሰማ ድረስ ልቧ አያርፍም።

ስለዚህ አስተዋይ ሰው አስቀድሞ አጭር መልእክት ይልካል። «እንደምን አለህ» ብቻ ጽፎ ዝም ማለት ግን ባልደረባን በከንቱ ማስጠበቅ ነው። ሰላምታውስ ይቅደም፤ በወሎ ያለ ሰላምታ ወደ ነገር መግባት ነውር ነው፤ ነገር ግን ጉዳዩ በዚያው ይከተል፦ «የጥር ወር ሒሳብ እስከ ነገ ማታ ይላክልኝ።»

መልስ ቢዘገይም ደጋግሞ መደወል አይገባም። ምናልባት መብራት ጠፍቷል። ደግሞም በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው ይኖራሉ፤ እሑድ ጧት ቅዳሴ፥ ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሶላት፥ በረመዳንም ማታ ማፍጠሪያ አለ።

ሰዓት ሲቀጠር ደግሞ ቃሉ ይጥራ። «2 ሰዓት» ለሐይቁ ሰው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው፤ በባዕድ አገር ላደገው ግን ከእኩለ ሌሊት ወይም ከቀትር በኋላ ነው። ሁለቱም እውነት ተናግረው ሳይገናኙ ይቀራሉ።

በአምባሰል ውጫሌ የምትባል ከተማ አለች። በዚያ ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኢጣልያ ውል ተዋዋሉ። የውሉ 17ኛ ክፍል በአማርኛው፥ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል ለመላላክ ይቻላታል የሚል ነበር፤ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። እርግጥ ነገሩ የቃል ስሕተት ብቻ አልነበረም፥ የመግዛት ምኞት ነበረበት እንጂ። ጠቡም እየከረረ ሄዶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ሆነ፤ ብዙ ሰውም አለቀ።

የሐይቁ ጸሐፊ እንግዲህ በሐምሌ ወር ሲቀጥር «ሐሙስ፥ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት፥ በእናንተ አቈጣጠር ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት፤ ይመችሃልን?» ብሎ ሁለቱንም ይጽፋል። በኅዳር ግን የዋሽንግተን ሰዓት ተለውጦ ይቈያልና፥ ያንኑ ቀጠሮ እንደ ገና ቈጥሮ ይልካል።