«ሾርት» ሲባል ቶሎ አትወስኑ

ዛሬ ከዋጋው በፊት አንድ ቃል እንይ፤ ሾርት። ድለላ በጀመርኩ ሰሞን የኒውዮርክ ቡና ዜና ላይ «ፈንዶቹ ሾርት ናቸው» የሚል አነበብኩ። ቡና አጥሯቸዋል፣ ዋጋ ይጨምራል ብዬ አንድ አቅራቢ ደንበኛዬ እንዳይሸጥ መከርኩት። ለካ «ይወርዳል» እያሉ ነው! ወረደ፣ ሰውየውም ከሰረ። እስካሁን ሳገኘው አፍራለሁ።

ስለዚህ እንለየው፦

1. ሰፕላይ ሾርት ነው ከተባለ እጥረት አለ፤ ዋጋ ሊጨምር ይችላል።
2. ነጋዴው ሾርት ነው ከተባለ፣ ዋጋ ሲወርድ በርካሽ መልሶ ሊገዛ አስቦ ኮንትራት አስቀድሞ ሸጧል።
3. ሾርት ከቨሪንግ፦ እነዚሁ ሻጮች መልሰው ሲገዙ ነው። በምርቱ ላይ ምንም አዲስ ነገር ሳይኖር ዋጋ ሊዘል ይችላል።
4. ሾርት ዌይት፦ ሰነዱ ላይ ከተጻፈው ኪሎ የጎደለ ጭነት።
5. ሾርት ቶን፦ የአሜሪካ ቶን፣ 907 ኪሎ ገደማ። የኛ 1000 ነው። በ10 ቶን ከ9 ኩንታል በላይ ልዩነት አለው።

ቃሉን ስታዩ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ሾርት የሆነው ዕቃው ነው፣ ነጋዴው ነው ወይስ ሚዛኑ? ካልገባችሁ ከመሸጣችሁ በፊት ደውሉ፤ እኔም ያኔ አንድ ሰው ብጠይቅ ኖሮ ደንበኛዬ አይከስርም ነበር።

መልካም ገበያ!