አለንጋ ገብስ አይሆንም



ስለ ብስክሌትና ስለ ጣሳ መጠጥ ልጽፍ ነው ስል «ስንት አንገብጋቢ ጉዳይ እያለ!» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ሆኖም ነገሩ በገዛ ቤተሰቤ ላይ ደርሶ ካየሁ በኋላ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ታግሳችሁ እስከ መጨረሻው ካነበባችሁልኝ፣ ጉዳዩ ብስክሌት ነጂውን ብቻ ሳይሆን ቡና ጠጪውን፣ ጫት ቃሚውን፣ ለፈተና የሚያመሸውን ተማሪና ሌሊት የሚነዳውን ሾፌር ሁሉ የሚመለከት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ያደግኩት ሸዋ ሮቢት ነው። አገሩን የሚያውቅ ሰው ሙቀቱን ያውቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ጣርማ በር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ አንድ በአንድ እያወለቀ፣ ይፋት ቆላ ሲደርስ በሸሚዝ ይቀራል። እኛ በልጅነታችን ብስክሌት በግማሽ ሰዓት ሒሳብ እየተከራየን በዚያ ሙቀት ስንነዳ እንውል ነበር። ስንቃችን እናቶቻችን የሚቋጥሩልን ቆሎና በሶ ነበር። ሲደክመን ዛፍ ጥላ ሥር እንቀመጣለን፤ ሲወጣልን እንነሳለን። ድካምን የሚያስረሳ ነገር ይገዛል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም።

በቅርቡ እህቴን ልጠይቅ ወደዚያው ወረድኩ። የ19 ዓመት ልጇ ብስክሌት ወዳድ ነው። እሱና ጓደኞቹ ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ሲና ያለውን ዳገት ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ሊፈታተኑ ተቃጥረው ኖሯል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ሲና ከ2,600 ሜትር በላይ። በብስክሌት ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ቀልድ አይደለም። ልጁ ዋዜማውን በርጫ ላይ አምሽቷል፤ እንቅልፍ በቅጡ አላገኘም። ጠዋት ቁርስ አልበላም። ይልቁንም «ኢነርጂ» የሚባለውን የጣሳ መጠጥ ሁለቱን በላይ በላዩ ጠጥቶ፣ ሦስተኛውን ኪሱ ከትቶ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተነሳ።

አርማንያ ሳይደርስ ልቡ ከልክ በላይ ይመታ ጀመር። እጁ ተንቀጠቀጠ፣ አስመለሰው፣ ዓይኑ ጨለመ፣ መንገድ ዳር ተዘረረ። ጓደኞቹ አንድ አይሱዙ አስቁመው፣ ከነብስክሌቱ ጭነው ወደ ሕክምና አወረዱት። አልሐምዱሊላህ፣ ፈሳሽ ተሰጥቶት፣ ጥላ ሥር አርፎ፣ ማምሻውን ተሻለው። አጠገቡ ተቀምጬ «ሲደክምህ ለምን አላቆምክም?» ብዬ ጠየቅኩት። የመለሰልኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ወላሂ አጎቴ፣ ድካም የሚባል ነገር አልተሰማኝም ነበር። ሲመጣ ግን ባንዴ መጣ።»

እንግዲህ ትምህርቱ ያለው በዚህች አነጋገር ውስጥ ነው። ለመሆኑ ድካሙ የት ሄዶ ነበር?

ካፌይን ምን ይሠራል?

በቡና፣ በሻይና በእነዚህ የጣሳ መጠጦች ውስጥ ያለው ቀስቃሽ ንጥረ ነገር ካፌይን ይባላል። ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ሩንገ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ 1819 ነው። ሰው ነቅቶ ሲሠራ በአንጎሉ ውስጥ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር እየተጠራቀመ ይሄዳል። አዴኖሲን እንደ መልእክተኛ ነው፤ የተዘጋጀለት መቀመጫ ላይ አርፎ «ደክሞሃል፣ ዕረፍ» የሚል መልእክት ያደርሳል። ካፌይን መልኩ ከአዴኖሲን ጋር ስለሚመሳሰል መቀመጫውን ቀድሞ ይይዝበታል። መልእክተኛው ደጅ ቆሞ ይቀራል፤ መልእክቱም አይደርስም። ልብ በሉ፣ ድካሙ አልጠፋም። የጠፋው ወሬው ነው።

ይሁንና እውነቱን መደበቅ አይገባም፤ ካፌይን ለብስክሌት ጋላቢ ይጠቅማል። በጥናት እንደተረጋገጠው አንድ ሰው በኪሎ ክብደቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም ካፌይን ከውድድሩ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ቢወስድ፣ በረጅም ርቀት ግልቢያ ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚደርስ መሻሻል ሊያገኝ ይችላል። ይህም በአንድ ሰዓት ጉዞ ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ተኩል መሆኑ ነው። ለሠለጠነ ተወዳዳሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለዚህም ነው የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በአንድ ወቅት በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ12 ማይክሮ ግራም በላይ ካፌይን የተገኘበትን ስፖርተኛ ይቀጣ የነበረው። እ.ኤ.አ በ1991 እና በ1992 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጣሊያናዊው ጃኒ ቡኞ በ1994 በካፌይን ምክንያት ተቀጥቷል። እገዳው የተነሳው በ2004 መባቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ካፌይን በክትትል ዝርዝር ውስጥ ሆኖ ተፈቅዷል።

ነገር ግን ጥናቱ የተደረገው በማን ላይ ነው? በደንብ በተኛ፣ በበላ፣ ውኃ በጠጣና በሠለጠነ ሰው ላይ ነው። የኔ የእህት ልጅ ከእነዚህ አንዱንም አላሟላም ነበር።

ልኩ ስንት ነው?

ሒሳቡን አብረን እናስላ። ታዋቂው ሬድ ቡል በአንድ 250 ሚሊ ሊትር ጣሳ 80 ሚሊ ግራም ካፌይንና 27 ግራም ስኳር ይዟል። ስኳሩ ወደ ሰባት የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ወጣት በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ማለት 180 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከሁለት ጣሳ ጥቂት የሚበልጥ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ በ2015 ባወጣው ግምገማ ጤናማ ለሆነ አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ እስከ 200፣ በቀን ደግሞ እስከ 400 ሚሊ ግራም አያሰጋም ብሏል። ልጁ ሦስተኛዋን ጣሳ ቢደግም ኖሮ 240 ሊደርስ ነበር። በዚያ ላይ ጠዋት እናቱ ያፈላችውን ቡና አልቆጠርንም! በኪሎ 9 ሚሊ ግራም ድረስ የሚወስድ ሰው ደግሞ ጥቅሙ ሳይጨምርለት የልብ ምቱ፣ መንቀጥቀጡና የሆድ ሕመሙ ብቻ ይጨምርበታል። ስለ ልጆችና ታዳጊዎች ከሆነ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ በ2011 እነዚህ መጠጦች ለእነሱ ጨርሶ እንደማይገቡ በግልጽ አሳስቧል።

ሌላም ነገር አለ። ካፌይን ከተጠጣ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳ ግማሹ ገና በደም ውስጥ ነው። አመሻሽ ላይ የተጠጣ ጣሳ እኩለ ሌሊት ላይም ሥራውን አልጨረሰም ማለት ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ይደክመዋል፤ ሲደክመው ሌላ ጣሳ ይከፍታል። አዙሪቱ እንዲህ ይጀምራል።

የቡናና የጫት ጉዳይ

እኛ የይፋት ሰዎች ለቀስቃሽ ነገር እንግዳ አይደለንም። የአፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የይፋቱ ሱልጣን ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት እንደሚተክልባት ዝቶ ነበር። ጫት በአገራችን ጽሑፍ ውስጥ ከተጠቀሰባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ቡናም ቢሆን በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ሌሊቱን በዚክር ነቅተው ለማሳለፍ ይጠጡት ነበር። እ.ኤ.አ በ1511 ኻኢር ቤግ የተባለ የመካ ሹም ቡናን ከልክሎ፣ ዑለማዎች ብዙ ተከራክረውበት፣ ክልከላው ሳይቆይ ቀርቷል። እንግዲህ ስለ ቀስቃሽ ነገር መጠየቅ በኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። አዲሱ ነገር መጠኑና ጥድፊያው ነው። የቡና ሥነ ሥርዓታችን ሦስት ትንንሽ ስኒ ነው፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው በጨዋታ ተራርቆ ይመጣል። ጣሳው ግን በአንድ ትንፋሽ ይጨለጣል።

ጫቱስ? በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትን፣ የደም ግፊትንና የሰውነትን ሙቀት ይጨምራል፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። በየመን የተደረጉ ጥናቶች ጫትን ከድንገተኛ የልብ ሕመም ጋር አያይዘውታል። የዓለም ፀረ ዶፒንግ ድርጅትም ካቲኖንን በውድድር ወቅት ከከለከላቸው ቀስቃሾች አንዱ አድርጎ ይዘረዝረዋል። ካፌይን ይፈቀዳል፣ ካቲኖን ይከለከላል። የኛ ልጆች ግን ሁለቱን በአንድ ሆድ ያገናኙአቸዋል። ሁለት አለንጋ ለአንድ በቅሎ!

በሙቀት አገር ቀስቃሽ ወስዶ ዳገት መውጣት ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ለሚሻ፣ የእንግሊዛዊው ቶም ሲምፕሰን ታሪክ በቂ ነው። ሲምፕሰን የ1965 የዓለም ሻምፒዮን ነበር። እ.ኤ.አ ሐምሌ 13 ቀን 1967 በቱር ደ ፍራንስ ላይ፣ ሞን ቫንቱ የተባለውን ተራራ በከባድ ሐሩር ሲወጣ ከብስክሌቱ ወድቆ በ29 ዓመቱ ሞተ። በሰውነቱ ውስጥ አምፌታሚንና አልኮል ተገኘ። አምፌታሚን ከካፌይን እጅግ የበረታ ነው፤ እኩል ናቸው አላልኩም። መንገዱ ግን አንድ ነው፤ ሰውነት «በቃኝ» ሲል የማይሰማ ጆሮ።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

«ታዲያ እነዚያ ታላላቆቹ በምን ይጋልባሉ?» ትሉ ይሆናል። የኛዎቹን እንጥቀስ። እነ ገረመው ደንቦባ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ለዚህ የሚያበቃው የዓመታት ልምምድ፣ ምግብና ዕረፍት ነው። ካፌይን ቢጨመርበት እንኳ በዚያ ሁሉ ላይ የሚጨመር ቅንጣት ነው እንጂ ምትኩ አይሆንም።

በመሆኑም ለወጣቶቻችን የምለው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ብላ። ጡንቻ የሚሠራው በምግብ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚጋልብ ሰው በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም የሚደርስ ኃይል ሰጪ ምግብ ያስፈልገዋል። ይህን ለማግኘት ጣሳ መግዛት አያሻም። ሁለት ሙዝ ወይም ጥቂት ተምር ይበቃል። አያቶቻችን መንገድ ሲወጡ ይቋጥሩት የነበረው በሶም በስኳርና በቁንጥር ጨው ሲበጠበጥ ለመንገደኛ የተሠራ ምግብ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰዓት ምረጥ። በይፋት ቆላ ጋላቢ ከሱብሒ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ሳትከር መግባት አለበት። ውኃ ሳይጠማህ በፊት ጀምረህ ተጎንጭ።

ሦስተኛ፣ ካፌይን የምትጠቀም ከሆነ መጠኑን ቁጠር፤ ቡናውንም ሻዩንም ደምርበት። ከጫት ጋር አታገናኘው። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለብህ ከሆነ አስቀድመህ ሐኪም ጠይቅ።

አራተኛ፣ ረመዷን ሲቃረብ ቡናውን ቀስ በቀስ ቀንስ። ልማደኛ ቡና ጠጪ ሲያቋርጥ ራስ ምታቱ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምረዋል፤ ቀናትም ሊቆይ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ የጾም ቀናት ጾሙ አመመኝ የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ያመመው የቡናው ሐራራ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ በየጥቂት ቀኑ አንድ ስኒ የቀነሰ ሰው ይህን ይድናል።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ልጆቻችን የጣሳውን ሥዕል አይተው ኃይል የገዙ ይመስላቸዋል። እኛ ደግሞ አረቄ አለመጠጣታቸውን እናይና ልባችን ያርፋል። ሐራም ካልሆነ ሁሉም ነገር በማንኛውም መጠን ይጠቅማል ማለት እንዳልሆነ፣ ሰውነትን ለጉዳት ማጋለጥም በዲናችን የተነወረ መሆኑን ማስተማር የኛ ድርሻ ነው።

የእህቴ ልጅ ብስክሌቱን አልተወም፤ እንዲተውም አልመከርኩትም። ስሰናበተው «ሁለተኛ አልነካውም» አለኝ። «እሱን ለራስህ ተወው። እኔ የምለምንህ ድካምህን እንዳትጠላው ነው» አልኩት። የበቅሎ ነጂ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አለንጋ በቅሎን ያስሮጣል፤ ገብስ ግን አይሆናትም። አለንጋውን የሚያበዛ፣ ገብሱን የሚያስቀር ባለቤት አንድ ቀን ዳገት መሐል በእግሩ ይቀራል።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም።