ስለ ሥራ ክፍል አየርና ስለ ታመመ ሠራተኛ

እያሳለውና እያተኮሰው ከሥራው የማይቀር ሰው በአገራችን «ታታሪ ነው» እየተባለ ሲመሰገን ኖሯል። እኛም ሥራ ወዳድነትን አንነቅፍም። ነገር ግን የኮሮና በሽታ በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ወዲህ፣ ይህን ምስጋና መልሶ መመርመር አስፈላጊ ሆኗል።

በዚያው ወር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከመንግሥት ሠራተኞችም ብዙዎቹ በቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ታዘዘ። የጽሕፈት ሠራተኛው ሥራውን በስልክና በኮምፒዩተር ሊያከናውን ቻለ። ግንበኛው፣ ሾፌሩ፣ ነርሷና የጉሊት ነጋዴዋ ግን ሥራቸውን ወደ ቤት ሊወስዱት አልቻሉም። የዓለም የጤና ድርጅት አስቸኳዩ ጊዜ ማብቃቱን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ቢያስታውቅም፣ በሽታው ራሱ ፈጽሞ አልጠፋም። ስለዚህ ከዚያ ዘመን ሁለት ትምህርት ልንይዝ ይገባናል።

ፊተኛው ስለ አየር ነው። በወረርሽኙ ጊዜ በየደጃፉ የእጅ መታጠቢያ ተተከለ። ይህ መልካም ነው፤ ሳሙና የተቅማጥንም በሽታ ይከላከላልና። ዳሩ ግን የኮሮና ተሐዋስያን ይበልጡን የሚተላለፉት በትንፋሽ ነው። የታመመ ሰው ሲተነፍስ፣ ሲናገርና ሲያስል ለዓይን የማይታዩ ረቂቅ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ዕጣን በተዘጋ ቤት ሲጤስ ከጥግ እስከ ጥግ እንደሚመላ፣ እነዚህም በተዘጋ ክፍል ተንሳፈው ይቆያሉ፤ መስኮት ሲከፈት ግን ይበተናሉ። «ነፋስ ይመታናል» ብለን የክፍልና የአውቶቡስ መስኮት የምንዘጋ ብዙዎች ነን። ነገር ግን የሳንባ ነቀርሳም የሚተላለፈው በአየር ስለ ሆነ፣ በተዘጋ ክፍል ከመታፈን ጥቂት በርዶን ነጠላ መደረብ ይሻላል።

ሁለተኛው ስለ ዕረፍት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የፈጸመ ሠራተኛ ታሞ የሐኪም ማስረጃ ሲያቀርብ፣ የመጀመሪያውን 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ የሚከተሉትን 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉትን 3 ወራት ያለ ደመወዝ የሕመም ፈቃድ ያገኛል። በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ግን አንድ ቀን ቢቀር የልጆቹ እራት ይቀራል። እርሱን «ለምን ታመህ መጣህ?» ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። አሠሪው የዚያን ቀን ዋጋ ቢከፍለው ግን ባልንጀሮቹ ከመታመም ይድናሉ፤ ሥራውም አይቆምም።

እንግዲህ መምህራንና የሥራ ኃላፊዎች የሚከተለውን እንዲፈጽሙ እናሳስባለን፦

1ኛ/ ጧት ሥራ ሳይጀመር ትይዩ መስኮቶችን መክፈት፤ በዕረፍት ሰዓትም እንዲሁ።

2ኛ/ የሚያስለውንና የሚያተኩሰውን ሰው ሳይነቅፉ ወደ ቤቱ ማሰናበት።

3ኛ/ መቅረት የማይችል ሰው አፍና አፍንጫውን በጭምብል ሸፍኖ ከመስኮት አጠገብ እንዲቀመጥ ማድረግ።

4ኛ/ ሳሉ ከ2 ሳምንት የበለጠውን ሰው ለሳንባ ነቀርሳ እንዲመረመር ወደ ጤና ጣቢያ መላክ።

5ኛ/ «አንድ ቀን ያልቀረ» ለሚባል ተማሪ ሽልማት ሲሰጥ፣ በሕመም የቀረውን እንደ ሰነፍ አለመቍጠር።

ታሞ በቤቱ ያረፈ ሰው ሥራውን አልበደለም፤ ይልቁንም የባልንጀሮቹን ጤና ጠበቀ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏልና፣ መስኮቱን ዛሬ እንክፈት።