የቪቫክስ ወባና የአባት አገር

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በአዳማ፣ በወንጂና በመተሐራ የወባ ምርመራ ወረፋው ይረዝማል። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ጣት ወግታ ያወጣችውን ደም ስላይድ ላይ ወፍራምና ስስ አድርጋ ትቀባለች፤ ጊምሳ በሚባለው ቀለም አቅልማ በማይክሮስኮፕ ታየዋለች። ተውሳኩ የገባበት ቀይ የደም ሴል ከሌሎቹ አብጦ ከታያት ቪቫክስ የተባለውን የወባ ዓይነት ትጠረጥራለች።

ቪቫክስ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ብርቅ ነው። በእኛ አገር ግን ፋልሲፓረም ከተባለው የወባ ዓይነት ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚያሳምመው እሱ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ትንኟ ብቻ አይደለችም፤ የሰው ደምም አለበት። ቪቫክስ ወደ ቀይ የደም ሴል የሚገባው በሴሉ ገጽ ላይ ባለ ዳፊ በተባለ ፕሮቲን በኩል ነው፤ ፕሮቲኑ እንደ በር ያገለግለዋል። ይህን ፕሮቲን በሚያዘው ጂን መግቢያ ላይ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ከተለወጠች ቀይ የደም ሴሉ ዳፊ አይኖረውም። ለውጡን ከእናቱም ከአባቱም የወረሰ ሰው በቪቫክስ በቀላሉ አይያዝም። ዳፊ የሌላቸው ሰዎች ቪቫክስን እንደሚቋቋሙ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳዩት ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ ናቸው።

በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ይህ ለውጥ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ በአውሮፓና በእስያ ደግሞ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሁለቱም በብዛት አሉ። ምክንያቱ ታሪካችን ነው። በጋሞ ደጋ፣ በሞጣ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ዕድሜ ያለው አፅም ዲኤንኤው እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ሲሆን፣ ከአፍሪካ ውጭ ከመጡ ሰዎች የወረሰው ነገር አልተገኘበትም። የሉካ ፓጋኒና ባልደረቦቹ የ2012 ጥናት ደግሞ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከውጭ የመጡ ሰዎች ከነባሩ ሕዝብ ጋር መዋለዳቸውን ያመለክታል። የዛሬው ኢትዮጵያዊ በአብዛኛው የሁለቱም ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አገር የሚነግረን ለውጡ በስንት ሰው ላይ እንደሚገኝ ነው፤ የአንዱን ሰው ደም ግን አይነግረንም። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ የመጡ ሠራተኞች ከአካባቢው ኦሮሞ ጋር ጎረቤት ሆነዋል፣ ተጋብተዋል። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድማማቾች እንኳ አንዱ ዳፊ ያለው፣ ሌላው የሌለው ሊሆኑ ይችላሉ። ሪቻርድ ሌዎንቲን እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሰላው፣ ከሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል ያለ ነው።

ዳፊ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ላይም ቪቫክስ ተገኝቷል፤ ብዙውን ጊዜ በደማቸው ውስጥ ያለው ተውሳክ ጥቂት ስለሆነ በማይክሮስኮፕ ለማየት ያስቸግራል። ስለዚህ ባለሙያዋ ትኩሳት ይዞት የመጣውን ሰው ብሔሩን ሳትጠይቅ ስላይዱን ጊዜ ሰጥታ ማየቷ ትክክል ነው።