የሞተሩ የልደት ቀን

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ኪሲሚ ከተማ በተካሄደ የመኪና ጨረታ ላይ ቀለሟ የተላላጠ አንዲት አረንጓዴ ፎርድ ሙስታንግ መድረክ ላይ ወጣች። ማንም አላደሳትም። መዶሻው ሲያርፍ ዋጋዋ 3.4 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። ታድሳ የምታብረቀርቅ ሌላ የ1968 ሙስታንግ ወደዚህ ዋጋ አትጠጋም።

ልዩነቱ የማስረጃ ነው። ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን በ1968ቱ «ቡሊት» ፊልም የሳን ፍራንሲስኮን ዳገትና ቁልቁለት ያከነፈባት መኪና ይህች ናት። እ.ኤ.አ. በ1974 አንድ ቤተሰብ የመጽሔት ማስታወቂያ አይቶ በ6,000 ዶላር ገዛት። ከሦስት ዓመት በኋላ ማክዊን ራሱ ልግዛት ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፤ ቤተሰቡ መኪናዋን አልሸጠም፣ ደብዳቤውንም አልጣለም። ለቀረጻው ካሜራ ለመትከል ከሥሯ የተበየዱት ብረቶችም እዚያው ነበሩ።

አገራችን ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሊብሬውን ይዞ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ያመሳክራል። አሜሪካኖች «መስል ካር» የሚሏቸውን፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጡትን ጉልበታም መኪኖች የሚገዛም የሚጀምረው ከዚያው ነው። የቡሊቷ ሻንሲ ቁጥር «8-አር-02-ኤስ-125559» ይላል። 8 የ1968 ሞዴል መሆኗን፣ «አር» የሳን ሆሴ ፋብሪካን፣ 02 ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚንሸራተተውን ቅርጽ፣ «ኤስ» ባለ 390 ኪዩቢክ ኢንች ሞተሩን ያመለክታል። የቀረው ተራ ቁጥሯ ነው።

ፎርድ እንዲህ ይናገራል፤ ሸቭሮሌ ግን ብዙውን ይደብቃል። ሸቬል የተባለው ሞዴሉ የ1970 ሻንሲ ቁጥር መኪናዋ ባለ ስምንት ሲሊንደር ማሊቡ መሆኗን፣ ዓመቷንና ፋብሪካዋን ይነግራል። ተፈላጊዋ «ኤስ ኤስ 454» ትሁን አትሁን ግን አይነግርም፤ «ኤስ ኤስ» ያን ጊዜ ገዢው ጨምሮ የሚያዝዘው ጥቅል ነበርና። ስለዚህ ተራ ማሊቡ ላይ አርማውን ለጥፎ፣ ኮፈኑን ቀይሮ፣ ሁለት ሰፋፊ መስመር መቀባት ለአጭበርባሪ ቀላል ነው። አስመስዬ የሠራኋት ናት ብሎ የሚሸጥ ሰው ነውር የለበትም። ነውሩ ሲደበቅ ነው።

እዚህ ላይ የእጅ ባትሪ ይዞ ማጎንበስ ይመጣል። በሞተሩ የፊት ክፍል፣ በተሳፋሪው በኩል፣ ከቴስታታው አጠገብ አንዲት ጠባብ ጠፍጣፋ ቦታ አለች። የረጋው ዘይት በጨርቅ ሲጠረግ የተመቱ ፊደሎችና ቁጥሮች ብቅ ይላሉ፦ «ቲ 0210 ሲአርቪ»። «ቲ» የቶናዋንዳ ሞተር ፋብሪካ ነው፤ 0210 ፌብሩዋሪ 10፤ «ሲአርቪ» ደግሞ ማኑዋል ካምቢዮ ያለው፣ 450 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣው ባለ 454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር። የሻንሲ ቁጥሩ አንድ ክፍልም እዚያው ሞተሩ ላይ ይመታል።

ከፊደሎቹ ይልቅ ብረቱን ማየት የበለጠ ይጠቅማል። ፋብሪካው ያችን ቦታ ሲያስተካክል ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ይተዋል። የድሮውን ቁጥር ሞርዶ ሌላ የመታ ሰው መስመሮቹንም አብሮ ያጠፋቸዋል፤ ክብ ክብ ጭረት ወይም ከመጠን ያለፈ ልስላሴ ይቀራል። መስመሮቹን አስመስለው የሚሠሩ ባለሙያዎችም ስላሉ ቀኖቹን ማመሳከር ያስፈልጋል። የሞተሩ ብሎክ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰበት ቀን ራሱ ብረቱ ላይ ጎልቶ ይነበባል፤ ወሩ በፊደል ነው፣ «ኤ» ጃንዋሪ፣ «ቢ» ፌብሩዋሪ እያለ ይቀጥላል። መጀመሪያ ብሎኩ በቅርጽ ይፈሳል፣ ከዚያ ሞተሩ ይገጣጠማል፣ በመጨረሻ መኪናው ውስጥ ይገባል። አካሏ ላይ የተሠራችበትን ጊዜ የሚነግረው ሳህን «02ዲ»፣ ማለትም የፌብሩዋሪ አራተኛ ሳምንት የሚል ሸቬል ውስጥ በማርች አጋማሽ በቅርጽ የፈሰሰ ብሎክ ከተገኘ፣ ሞተሩ የተወለደው ከመኪናዋ በኋላ ነው። ሻጩ ምንም ቢምል ይህን አያስተካክለውም።

ወረቀትም አለ። ለ1967ና ከዚያ በኋላ ለወጡ ፎርዶች የማርቲ ድርጅት ከፋብሪካው መዝገብ አውጥቶ ዝርዝሩን ይሸጣል፤ ለፖንቲያክም ተመሳሳይ አገልግሎት አለ። በአሜሪካ የተሸጡ ሸቭሮሌዎች ግን ይህን የመሰለ መዝገብ የላቸውም። የእነሱ ምስክር ሠራተኞች መኪናውን ሲገጣጥሙ የተመሩበት የሥራ ወረቀት ነው። አንዳንዴ ከነዳጅ ታንከሩ በላይ ወይም ከወንበር ስፕሪንግ ሥር ተሸጉጦ፣ ዝገት ጠጥቶ ይገኛል። ታንከሩን ማስወረድ አድካሚ ቢሆንም ድካሙን ይክሳል። ታድሳ ያለቀች መኪና የሚገዛ ደግሞ ከመታደሷ በፊት የተነሱ ፎቶዎችን መጠየቅ አለበት።

ቡሊት ውስጥ አደገኛ ዝላዮቹን የዘለለችው ሌላ ሙስታንግ ነበረች፤ ለዓመታት የት እንደደረሰች አልታወቀም። በ2017 ሜክሲኮ ውስጥ፣ ባሃ ካሊፎርኒያ ተገኘች። የያዟት ሰዎች የሌላ ፊልም መኪና አስመስለው ሊቀይሯት ሥራ ጀምረው ነበር። ከመቀጠላቸው በፊት ሻንሲ ቁጥሯን አጣሩት። መጨረሻው 125558 ነበር።