ወረራ ሥርዓት ነው

ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ በስልኩ ቼዝ የሚጫወት ወጣት አጠገቡ ለተቀመጡት አዛውንት ጥያቄ አቀረበ።

ወጣቱ፦ አባባ፣ በአገራችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር ይባላል። ይሄማ ትርምስ እንጂ ጨዋታ ነው?

አዛውንቱ፦ የሚያንገበግበኝ ይኸው አነጋገር ነው፣ ልጄ! ስሙ ወረራ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ጦራቸውን እንደፈቀዱ ያሰልፋሉ፤ ዓይናቸው ግን ከባላጋራቸው እጅ አይነቀልም። አንተ ፈረስህን በቀኝ ስታወጣ እኔ መደቄን፣ ማለት ወታደሬን፣ ወደዚያው እገፋለሁ፤ ይህን አይተህ ፈረስህን መልሰህ በግራ ታሰልፋለህ። መመለስ ይፈቀዳል። አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ ግን ተራ በተራ ነው።

ወጣቱ፦ ለምን ከመጀመሪያው በተራ አልሆነም?

አዛውንቱ፦ ጠጠሮቹ ዘገምተኞች ናቸው። ያንተ ንግሥት ሰሌዳውን ከዳር ዳር የምትሄድበትን ጉልበት ያገኘችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አውሮፓ ውስጥ ነው። በንግሥቷ ቦታ የሚቆመው የኛ ፈርዝ የጥንቱን ሕግ እንደያዘ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ በጳጳሱ ቦታ የሚቆመው ፊል በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ይዘላል፤ መደቅ አንድ አንድ ቤት ይራመዳል። በተራ ቢሰለፉ ጦሩ ሳይገናኝ ይመሻል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ሠዓሊ ጋር ከተጫወቱበት ዘመን አንሥቶ ጣሊያን እስከገባበት እስከ 1928 ዓ.ም. መኳንንቱ ሰንጠረዥን ሲጫወቱ ኖረዋል። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1868 በታተመው መጽሐፉ ገልጾታል፤ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ሕጉን ሰብስቦ ጽፏል። ሥርዓት ባይኖረው ምን ይጻፍለት ነበር? ማቱ እንኳ ደረጃ ነበረው፤ በደር፣ ማለት በግንብ፣ ወይም በፈረስ ማት ማለት አያስመሰግንም፣ ክብሩ በመደቅ ነው።

ወጣቱ፦ ታዲያ እኔ በቃሌ የያዝኩት የቼዝ የሲሲሊያን መክፈቻ በወረራ ምን ይጠቅመኛል?

አዛውንቱ፦ የቼዝ ሊቁን ቦቢ ፊሸርን ያስመረረው እኮ ይኸው ሽምደዳ ነው! እ.ኤ.አ. በ1996 የኋላውን ረድፍ በዕጣ የሚደረድር ቼዝ ያስተዋወቀው ለዚህ ነበር። በወረራ ግን ምኑን ትሸመድዳለህ? ባላጋራህ አይጠብቅህም፤ የምታነበው ሰውየውን ነው። ፊሸር የፈለገው መድኃኒት በኛ መኳንንት አዳራሽ ከቀይ ጨርቅ ሰሌዳ ላይ ነበር። ሰሌዳህ ያው 64 ቤት ስለሆነ ሰበብ የለህም፤ ከጓደኞችህ ጋር ጀምረው። መምህራንም በትምህርት ቤት የቼዝ ክበብ ያስተምሩት። ያልተጫወተው ሰው ትርምስ ነው አይበል።