የየቲም ሕፃን ወተት፦ ከጣሳው በፊት የእናቲቱ ማዕድ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲራ ያነበበ ሁሉ የሐሊመቱ ሰዕዲያን ታሪክ ያውቃል። ከበኒ ሰዕድ ጎሣ የመጡ አጥቢ ሴቶች መካ ገብተው የሚያጠቡትን ሕፃን ሲመርጡ፣ ገና ሳይወለዱ አባታቸው የሞተባቸውን ሕፃን ሁሉም አለፏቸው። የማጥባትን ዋጋ የሚከፍለው አባት ነበርና፣ ከየቲም ቤት ምን ይገኛል ብለው ነው። ሐሊማም በመጀመሪያ እንደ ባልንጀሮቿ አመንትታ ነበር፤ ባዶ እጇን ላለመመለስ ስትል ግን ወሰደቻቸው። ቤቷም በበረካ ተሞላ።

ከዚህ ታሪክ እንደምንረዳው የቲም ሕፃን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው የወተቱን ዋስ ነው። ዛሬም ለጋሾቻችን ደጋግመው «አንድ አራስ የቲም አለ፤ የጣሳ ወተት ልግዛለት?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው ከቅን ልብ የመነጨ ነው። መልሱ ግን በሕፃኑ ሁኔታ ይለያያልና፣ በዛሬው ትምህርታችን አንድ በአንድ እንመለከተዋለን።

እናቲቱ በሕይወት ካለች

በሸሪዓችን የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የየቲሙ እናት በሕይወት አለች፤ ወተቱም ከእርሷ ዘንድ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 233 ማጥባትን መሙላት ለሚሻ ሁለት ሙሉ ዓመት ወስኗል። በዚያው አንቀጽ የእናቲቱን ምግብና ልብስ በአባት ላይ ግዴታ አድርጎ፣ ወራሽም ተመሳሳይ ኃላፊነት እንዳለበት ደንግጓል። የሕፃኑ ወተትና የእናቲቱ ምግብ በአንድ አንቀጽ መነሣታቸውን ልብ እንበል። አባት ሲሞት ኃላፊነቱ አብሮ አይቀበርም፤ ወደ ዘመድ፣ ዘመድ ካልቻለም ወደ እኛ ይተላለፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲጀምር፣ እስከ 6 ወር ከጡት ወተት በቀር ሌላ እንዳይሰጠው፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ይመክራል። አንዳንድ ቤተሰቦች «ቆሻሻ ነው» ብለው የሚያፈሱት እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል የመጀመሪያ ጋሻው ነው። ለአራስ ቅቤ ማላስና የስኳር ውኃ መስጠት ደግሞ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው።

ወተት የሚመነጨው ጡቱ በተጠባ መጠን ነው። ሕፃኑ በጡጦ ከጠገበ ጡቱን ይተዋል፤ ጡቱ ካልተጠባ ወተቱ ይቀንሳል። በደግነት የመጣ ጣሳ ሲያልቅ፣ የጡቱም ወተት ደርቆ ሊገኝ ይችላል። አንድ ሕፃን በዱቄት ወተት ብቻ ለማደግ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት 20 ኪሎ ግራም ያህል ያስፈልገዋል። ይህም በባለ 400 ግራም ጣሳ ወደ 50 ጣሳ ይሆናል። ሁለት ጣሳ ይዞ የሄደ ለጋሽ የሸፈነው አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

ስለዚህ አራስ መበለት ዘንድ ስንሄድ በቅድሚያ የምንጠይቀው «ምን በላሽ? ማን አብሮሽ ያድራል? የቤት ኪራይሽስ?» ብለን ይሁን። ሐዘንና ድካም የወተትን አወራረድ ለጊዜው ሊያዘገዩት ይችላሉ፤ «ሐዘን ወተቴን አደረቀው» ብላ ተስፋ እንዳትቆርጥ ግን እናጽናናት። ዕረፍት አግኝታ ሕፃኑን ደጋግማ ስታጠባ ወተቱ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ጤፍና ምስር፣ እንቁላልና ወተት ወደ እናቲቱ ማዕድ ሲገቡ ለየቲሙ ደረሱ ማለት ነው።

ለሥራ የምትወጣ እናት

በሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። በጉልት ንግድ ወይም በየቤቱ በልብስ አጠባ የምትተዳደር መበለት ግን ይህን ዕረፍት ከማን ትጠይቃለች? በዚህ ጊዜ ከሁሉ የሚሻለው ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ወራት ከልጇ ጋር እንድትቆይ ገቢዋን መተካት ነው።

መውጣቷ የግድ ከሆነ ወተቷን አልባ ማስቀመጥ ትችላለች። ማለቢያ መሣሪያ ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝም በታጠበ እጅ ማለብ ይበቃል። ወተቱ ንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ሞቃት በሆኑ አካባቢዎች ቶሎ መጠቀም ይገባል። ሲፈለግም ዕቃውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ማሞቅ እንጂ ማፍላት አያስፈልግም። በጡጦ ፈንታ በትንሽ ስኒ ማጠጣት ይመረጣል፤ ስኒ ለማጠብ ይቀላልና።

እናቲቱ ከሞተች

እናቱን ላጣ ሕፃን በሱረቱል በቀራህ ያው አንቀጽ የፈቀደው ሌላ መንገድ አለ፤ ይኸውም በሌላ ሴት ማስጠባት ነው። አያት፣ አክስት ወይም ጎረቤት አራስ ከሆነች ዕድሉ ቅርብ ነው። በቅድሚያ ግን የኤችአይቪና ሌሎች ምርመራዎችን በጤና ጣቢያ ታድርግ። ለእርሷም እንደ ወላጅ እናት ምግቧን መደገፍ ይገባል።

ማጥባት በዲናችን ዝምድናን ይፈጥራል። በዝምድና ለጋብቻ እርም የሆነ በጥቢም እርም እንደሚሆን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። በሻፊዒይና በሐንበሊይ መዝሀብ ይህ የሚጸናው በአምስት ጥቢ ሲሆን፣ በሐነፊይና በማሊኪይ ጥቂቱም ይበቃል። በአብዛኞቹ ዑለማእ ዘንድ ታልቦ በስኒ የተሰጠ ወተትም እንደ ጥቢ ይቆጠራል። በአንጻሩ በአንዳንድ አካባቢዎች «የጡት ልጅ» ተብሎ በሥርዓት ብቻ የሚደረግ ዝምድና፣ ወተት እስካልተጠጣ ድረስ በሸሪዓ ይህን ሑክም አያስከትልም። የወተቷ ባለቤት እንዳይታወቅ ስለሚያደርግና ዝምድናን ስለሚያደበላልቅ፣ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. ጅዳ ላይ የወተት ባንክን ሳይፈቅደው ቀርቷል።

ስለሆነም የአጥቢዋ ስም፣ የባለቤቷና የልጆቿ ስም፣ የጠባበት ጊዜ በጽሑፍ ይያዝ፤ ምስክርም ይኑር። ይህ ካልሆነ ከ20 ዓመት በኋላ ወንድምና እህት ሳያውቁ ለኒካሕ ሊቀርቡ ይችላሉ።

የቲምን በቤታቸው ለሚያሳድጉ ቤተሰቦችም ታላቅ ረሕመት አለበት። አሳዳጊዋ ራሷ ሕፃኑን ካጠባች እናቱ ትሆናለች፤ እህቷ ካጠባችው ደግሞ አሳዳጊዋ አክስቱ ትሆናለች። ለሴት ሕፃን የአሳዳጊው እህት ብታጠባት፣ እርሱ አጎቷ ይሆናል። ልጁ ሲያድግ ከመሕረሞቹ ጋር ያለ ችግር ይኖራል። ይሁን እንጂ ዝምድናው ውርስን አያስገኝም፤ የቲሙም በወላጅ አባቱ ስም መጠራቱ አይቀርም።

አጥቢ ካልተገኘች

ያን ጊዜ የጣሳ ወተት የነፍስ አድን ሥራ ነው፤ የሚያሳፍርም የሚያስወቅስም አይደለም። ሞክራ ያልቻለችን እናትም ማንም አይውቀሳት፤ እናት በልጇ ምክንያት እንድትጎዳ አላህ (ሱ.ወ.) አልፈቀደም። ጥንቃቄው ግን የበረታ ነው። ዱቄቱ ከጀርም ፍጹም የጸዳ ስላልሆነ፣ ከፈላ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠና ከ70 ዲግሪ ባልወረደ ውኃ ይበጥበጥ፤ ከዚያም በርዶ ለብ ሲል ይሰጥ። በ2 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣ ይደፋ። ጣሳው እንዲበረክት ብሎ ውኃ ማብዛት ሕፃኑን ማስራብ ነው። ከ6 ወር በፊት ያልተዘጋጀ የላም ወተት ለዚህ ምትክ አይሆንም።

ለጋሹም የሚገባው ኪዳን አለ። የጀመረውን አያቋርጥ፤ ብቻውን ካልቻለ ከሌሎች ጋር ወራቱን ይከፋፈል። ከጣሳው ጋር ማገዶው፣ ንጹሕ ውኃውና ስኒው ይታሰቡ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ከሑነይን ዘመቻ በኋላ የሐሊማ ልጅ ሸይማእ ከተማረኩት መካከል ሆና ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቀረበች። ከ50 ዓመታት በላይ አልፎ ነበር፤ እርሳቸው ግን የጥቢ እህታቸው መሆኗን ባወቁ ጊዜ ኩታቸውን አንጥፈው አስቀመጧት። የአንዲት ድሃ ሴት ወተት ያን ያህል ዘመን አልተረሳም። በሠፈራችን አራስ የቲም መኖሩን ስንሰማ ነገ ሳንል እናቲቱን እንጠይቅ፤ ማዕዷንም እንይ።

አላህ (ሱ.ወ.) ለየቲሞች ዋስ ከሚሆኑት ያድርገን። ኣሚን።